ለአማካሪዬ የወሰድኩላት የጎረቤት ሐዘን

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ለሰው ደፍሬ የተናገርኩት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፤ ያሳፍራላ። ግን እንደኔ ደክሟቸው ወደ አንድ አማካሪ ዘንድ ሄደው፣ አልሆነልኝም ብለው የተመለሱ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ልጽፈው ወሰንኩ። አጥፊዋ እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር።

የምኖረው አዳማ ነው። አራተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ደረጀ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነው፤ የነጋዴዎችን ዕቃ ከጉምሩክ ያስወጣል። ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሶ ይመጣል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችን። ኑሯችን የሚያስቀና ባይሆንም የሚያሳዝን አልነበረም።

ሕመሙ በምን እንደጀመረ ብጠየቅ አላውቅም። በዚያ ሰሞን የሞተብኝ ሰው የለም። ከማንም አልተጣላሁም። አንድ ቀን ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ፣ ለምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ምን እንደምጽፍማ አውቀዋለሁ፤ ስለ አበባ ክፍሎች ነበር። ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው፤ እኔ ግን እጄን ማንሳት ከበደኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ድካም መጣ። የሥራ ድካም ተኝተው ሲነሱ ይለቃል። ይሄኛው ከእኔ ቀድሞ የሚነሳ ነው። ፊቴን ለመታጠብ ከራሴ ጋር ግማሽ ሰዓት እከራከራለሁ። ያልታረሙ ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ተቆለሉ። ልጄ ፀጉሯን ራሷ ማበጠር ጀመረች፤ ይህን ያወቅኩት ከብዙ ቀን በኋላ፣ ከማጅራቷ በላይ እጇ ያልደረሰበት ፀጉር ተቋጥሮ ሳይ ነው። አየሁትና ተመልሼ ተኛሁ። ማልቀስ እንኳ ደክሞኝ ነበር።

ሰው ሁሉ መድኃኒት አዘዘልኝ። እናቴ ጸበል ግቢ አለችኝ፤ ገባሁ። ቦታው ደስ ይላል፤ ድካሙ ግን አብሮኝ ሄዶ አብሮኝ ተመለሰ። ጎረቤቶች የአየር ለውጥ ያስፈልጋታል ስላሉት ደረጀ ፈቃድ ወስዶ ላንጋኖ ወሰደኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ቡናማ ውኃ ፊት ለፊት ተቀምጬ አየሁት። ደረጀ በየመሃሉ «ደስ አይልም?» ይለኛል። «ደስ ይላል» እለዋለሁ። የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦልኝ አጥንቱን መልቀም ስለሰለቸኝ ሳልበላ ተውኩት።

በመጨረሻ የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህርት ጠርታ አነጋገረችኝ። «ይሄ ስንፍና አይደለም፤ ድባቴ የሚባል ሕመም ነው። በንግግር የሚያክሙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ» ብላ አንድ አድራሻ ሰጠችኝ። ከዚያ በላይ ከሥራ መቅረት ግን እንደማይቻል ጨምራ ነገረችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ክፍሉ ግን ያለ አስተማሪ መቀመጥ አይችልም።

እንዲህ ሆኖ ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሄድ ጀመርኩ። አማካሪዬ ወጣት ናት። ለስላሳ ድምፅ አላት፤ ሰው ሲናገር አታቋርጥም። የመጀመሪያው ጥፋቴ የተፈጸመው ገና በሩ ላይ ነው። «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።

ሰው እንዴት ነሽ ሲል ሌላ ምን ይባላል? በየሳምንቱ እንደዚያው እላለሁ። እሷም ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ትጽፋለች። መሻሻል እያሳየች ነው ብላ ትጽፍ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

የምታክምበት መንገድ ወደኋላ እየሄዱ ሥሩን መፈለግ ነበር። «ዛሬ የሚያምሽ ነገር ልጅነትሽ ላይ የተተከለ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ልጅ ሆኜ ምን እንዳስከፋኝ፣ ምን እንዳስፈራኝ ጠየቀችኝ። አሰብኩ። ያደግኩት ወንጂ ነው። አባቴ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኛ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረው የመስኖ ውኃ ሲንሿሿ ብቻ ነው። ሞቶም ስድስት ዓመት አልፎታል፤ በወጉ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። «ምንም የለም» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንትም ጠየቀችኝ፤ ምንም የለም። በሦስተኛውም።

ያኔ ይሉኝታ ያዘኝ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ ደግና ትጠብቀኛለች። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ምንም ሳልይዝ እመጣለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቢያንስ ሙዝ ይያዛል። በአራተኛው ማክሰኞ ጥያቄውን ስትደግመው አፌ ራሱን ችሎ ተናገረ። አባቴ እየጠጣ ይመጣ እንደነበር፣ ሲጮህ ከግድግዳ ማዶ ይሰማ እንደነበር፣ አንድ ቀን ሬዲዮ አንስቶ መሬት ላይ እንደከሰከሰና እኔ አልጋ ሥር ገብቼ እንዳደርኩ ነገርኳት።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። የደረሰው ግን በእኔ ላይ ሳይሆን ወንጂ ግድግዳ በሚያዋስነን ጎረቤታችን ልጅ ላይ ነው።

አማካሪዬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ሶፍት አቀበለችኝ፤ እኔም አለቀስኩ። እንባው የውሸት አልነበረም። ለወራት የታፈነው ነበር፤ ሰበብ ሲያገኝ ወጣ። «ዛሬ ትልቅ እርምጃ ተራመድሽ» አለችኝ። እኔም አመስግኛት ደረጃውን ወረድኩ። እውነተኛ ሰው ብሆን ያኔውኑ ተመልሼ እነግራት ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ። በየሳምንቱ ስለዚያ አባት ትጠይቀኛለች። ምን ይለብስ ነበር? ሲመጣ ኮቴው ይሰማሽ ነበር? ይቅር ብለሽዋል? እኔም እየፈጠርኩ እመልሳለሁ። ከዚያ ቤቴ ሄጄ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአባቴን ፎቶ ላለማየት አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ድካሙ ሳይቀንስ ኃፍረት ተጨመረበት። ሕክምናው ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሌላው ሰው በዚሁ ይድናል፣ እኔ ነኝ የማልረባው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ዓይነት ሕክምና ይኖር ይሆን ብሎ መጠየቅ ሐሳቤም ላይ አልነበረም።

አንድ ቀን አማካሪዬ ባለቤቴን ለማነጋገር ፈለገች። እኔም ፈቀድኩ። ደረጀ ከሥራ ተፈቅዶለት፣ ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ። ብቻውን ነው ያነጋገረችው። የነገርኳትን አልነገረችውም፤ ሙያዋ አይፈቅድላትም። ግን፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። «ቤት ውስጥ ስትናደድ ድምፅህን ከፍ ታደርጋለህ?» አለችው።

ደረጀ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። ምን ተባባላችሁ ስለው «ምንም፣ ደህና ሴት ናት» ብሎኝ ልብሱን ሊቀይር ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ጸጥ አለ። ደረጀ በር ሲዘጋ እጀታውን ይዞ ቀስ አድርጎ ነው። ስልክ ሲደወልለት ወደ ግቢ ይወጣል። ኳስ ሲያይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ ነው። እኔ ተኝቼ ይህን ሁሉ አያለሁ። ሰለቸሁት አልኩ። ከማን ጋር ነው ስልክ የሚያወራው አልኩ። ቢተወኝም አይፈረድበትም አልኩ። ይህን ሳስብ እንኳ ቅናት አልተሰማኝም፤ እንዲያው ደከመኝ። ማክሰኞም መሄዴን አቆምኩ። በልቤ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ከእንግዲህ ማንም ዘንድ አልሄድም።

መሄዴን ካቆምኩ በሁለተኛው እሁድ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ።

አንደኛው የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ታደሰ፤ ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት ሸንኮራ እርሻ ላይ አብረው የሠሩ፣ ሰርጌ ላይ ዳር ቆመው ያለቀሱ ሰው ናቸው። ሦስተኛውን አይቻቸው አላውቅም። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ትልቅ ሰው ናቸው። ሦስተኛ መሆን የነበረባቸው የደረጀ አጎት ከአሰላ መምጣት ስላልቻሉ፣ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ስለማይሆን፣ ደረጀ በሥራ የሚያውቃቸውን ሐጂ ከድርን ለምኖ አምጥቷቸው ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሦስት የጭነት መኪና አላቸው።

እኔ በቤት ልብስና ባልተበጠረ ፀጉር ነበርኩ። ነጠላ ፈልጌ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ደረጀ ለስላሳ አቀረበና በሩ አጠገብ ቆመ፤ እንደ ተከሳሽ።

«አካም ጅርቱ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ገመቹ። መረቁን፤ ቤቱን መረቁ፣ ልጃችንን መረቁ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ። «ባልሽ ነው የላከን። አኩርፋኛለች፣ ምግብ ትታለች፣ ቃል አታወጣም፣ ምን እንዳስቀየምኳት ግን አልነገረችኝም ብሎናል። በይ፣ ምን በደለሽ? እኛ ፊት አውጪው።»

«ምንም አልበደለኝም» አልኩ።

«እሱን ሁሉም ሚስት ትላለች» አሉ ጋሽ ታደሰ። «አባትሽ የለም። በአባትሽ ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አትፍሪ።»

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው። ምንም አላደረገኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምንም የለም ማለት ብዙ አለ ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሥራቸው ነው። ኦቦ ገመቹ ወደ ደረጀ ዞረው «እሺ፣ ባትነግርህም ይቅርታ ጠይቅ። ይቅርታ አይጎዳም» አሉት።

ደረጀ መጣና እግሬ ሥር ተንበረከከ። ቀና ብሎ አላየኝም። «ሰኒ፣ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። አማካሪዋ እንደጠየቀችኝ ድምፄ ከሆነ ቀንሻለሁ። ስልክም ውጭ ነው የማወራው። በሩንም እንደዚያ አልዘጋም። ሌላም ካለ ንገሪኝና እተወዋለሁ። ይቅር በይኝ» አለኝ።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ይህ ሰው ከእኔ የራቀ መስሎኝ ነበር። እሱ ለካ ቤቱ ውስጥ በእግሩ ጫፍ የሚራመደው እኔን ያመመኝ እሱ መስሎት ነው። እኔ ስተኛ ወንጀሉን እየፈለገ፣ እኔ ስነሳ ወንጀሉን እየፈለገ ነው የከረመው። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ አነሳሁት። ለመናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ ፊት ለፊቴ ናቸው። የምናገረውን ቢሰሙ ምን ይሉኛል ብዬ ልዋጠው ነበር። ደረጀ ግን አሁንም አንገቱን እንደደፋ ነው።

ተናገርኩ። አማካሪዋ ምን እንደጠየቀችኝ፣ ባዶ እጄን መሄድ እንዴት እንዳሳፈረኝ፣ የጎረቤታችንን ታሪክ ወስጄ የራሴ እንዳደረግኩት፣ የአባቴን ስም እንዴት እንዳጠፋሁ። ድምፅ ከፍ ማድረግ የሚለው ጥያቄ ለደረጀ የመጣበት ከዚያ እንደሆነ ተናገርኩ። በመጨረሻ «እኔ ማንም አልመታኝም። ማንም አልጮኸብኝም። እንዲሁ ነው የታመምኩት» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ተነስተው በረንዳ ላይ ወጡ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ረጅም ጊዜ ቆሙ። እኔ ዳግመኛ ዓይኔን አያዩም ብዬ ነበር። ተመልሰው ሲገቡ ግን አልተቆጡም።

«አባትሽ አንድ ጊዜ የመስኖው በር ሳይዘጋ አድሮ ማሳው በውኃ ተሞላ» አሉ። «አለቃችን ማን ነው ብሎ ተጨነቀ፤ አጥፊ ሳይገኝ ጉዳዩን መዝጋት አይችል። አባትሽ የሰውዬውን ጭንቀት አይቶ እኔ ነኝ አለ። ጭራሽ በዚያ ቀን ሥራም አልገባ! በማን ልትወጪ ነው አንቺ።» ከዚያ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ደግመሽ ግን እንዳታደርጊው።»

ኦቦ ገመቹ ግራ ገባቸው። የሚያስታርቁት ሰው ጠፋ። «ታዲያ ካልተጣላችሁ እኛ ምን እናድርግ?» አሉ። እስካሁን ያልተናገሩት ሐጂ ከድር ያኔ ነው ወደ እኔ ዞር ያሉት።

«ልጄ፣ ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የሚከብድሽ ምንድን ነው?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ፊቴን መታጠብ» አልኳቸው። ሌላው ቢሰማ ይስቃል። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የኔ መሪ መያዝ ነበር» አሉ። «የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነበርኩ። አንድ ጠዋት መኪናው ላይ ልወጣ ስል አቃተኝ። ሰባት ወር አቃተኝ። ቁርዓን ተቀራልኝ፣ አልሐምዱሊላህ ልቤ ትንሽ ረጋ፤ መሪው ግን አልያዝ አለኝ። ልጆቼ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ደህና ሰው ነው፣ ስለ እናቴ ይጠይቀኛል። ወላሂ እናቴን እወዳታለሁ፤ ግን እናቴ መኪና ነድታ አታውቅም!»

ጋሽ ታደሰ ሳቁ። እኔም ከንፈሬ ላላ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«ሦስት ወር ሄድኩ» አሉ ሐጂ። «አንድ ቀን ዶክተር፣ ባንተ አልቀየምም፣ ግን ይሄ ነገር እኔን አልያዘኝም አልኩት። እሱም አልተቀየመም። ሌላ ሰው ዘንድ ላከኝ። ያኛው ስለ እናቴ አልጠየቀኝም። ቁልፉን ይዘህ መኪናው ውስጥ ገብተህ ቁጭ በል፣ እንዳትነዳ አለኝ። አንድ ሳምንት ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሞተር አስነሳ አለኝ። ከዚያ እስከ ግቢው በር። በአራተኛው ወር አዋሽ ደርሼ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ሐኪም መጥፎ አልነበረም። በሱ የዳነ ጎረቤት አለኝ። የኔ አልነበረም፣ አለቀ።»

ሐጂ ለስላሳቸውን ጨልጠው ጠርሙሱን አስቀመጡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ደግሞ የነገርሽውን ነው የሚያክመው። ሂጂና እውነቱን ንገሪያት። ሌላ ዓይነት እንዳለም ጠይቂያት። አብሽሪ።»

ሽማግሌዎቹ ያስታረቁት ነገር ሳይኖር መርቀውን ሄዱ።

ማክሰኞ እንደምንም ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ደረጀ ታች ቆሞ ጠበቀኝ። አማካሪዬ «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ «አሞኛል። ስመጣም አሞኝ ነበር፣ ስሄድም ብሶብኝ ነበር» አልኳት። ከዚያ ስለ አባቴ እውነቱን ነገርኳት። ወለሉን እያየሁ ነው የጨረስኩት።

ደብተሯን ዘጋች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ «እኔም ቸኩያለሁ» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ ምንም የለም ብለሽኝ አላመንኩሽም። የለም ስትይኝ በዚያው መቆም ነበረብኝ።» ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ልጅ እንዲህ ስትለኝ ይበልጥ አፈርኩ።

ያን ቀን ነው ሕክምናው አንድ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳችኝ። እሷ የተማረችው ያለፈውን መርምሮ ሥሩን የሚፈልገውን ነው፤ ያልተፈወሰ የልጅነት ቁስል ላለው ሰው ብዙ ይረዳል። ሐዘን ወይም ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት ለጎዳው ደግሞ በዚያ ላይ የሚሠራ አለ። ሌላው የዛሬን ይዞ የሚነሳ ነው፤ ውሎሽን፣ ስለ ራስሽ የምታስቢውን፣ የተውሽውን ነገር ጥቂት በጥቂት እየመለሰ የሚሄድ። መሞት አስቤ አውቅ እንደሆነ በግልጽ ጠየቀችኝ። ባልነሳ ብዬ ተመኝቼ እንደማውቅ፣ ከዚያ ያለፈ ግን እንደሌለ በግልጽ መለስኩላት። መድኃኒት ሊያስፈልገኝ ስለሚችል ሐኪም እንዲያየኝም ጻፈችልኝ። «ለአንቺ ሦስተኛው ይሻላል ብዬ አስባለሁ። በዚያ የሚሠራ ባልደረባ አለኝ። ምርጫው ግን ያንቺ ነው» አለችኝ።

ምርጫ አለሽ መባል ለደከመው ሰው ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ሥራ ነው። ግን እሺ አልኩ።

አዲሱ አማካሪ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ቀልድ አያውቅም። ገና ስገባ ደህና የሚለውን ቃል ከለከለኝ። ለቀንሽ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጪ፣ ዜሮ የከፋው ነው አለ። ሁለት አልኩት። ያቋረጥኩትን ሁሉ ቆጥሬ እንድነግረው ጠየቀኝና ከዚያ ውስጥ አንድ ብቻ እንድመርጥ አደረገኝ። የልጄን ፀጉር መረጥኩ። በሳምንት ሁለት ቀን ማበጠር፣ ሌላ ምንም።

በመጀመሪያው ሳምንት አልቻልኩም። አንድ ቀንም አላበጠርኩም። እያፈርኩ ሄድኩ። «ትልቅ ሰጥተንሻል ማለት ነው» አለና አሳነሰው። ራሷ ስታበጥር አጠገቧ ተቀመጪ አለኝ። ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ልጄ ሳትናገር ማበጠሪያውን አቀበለችኝ። ቋጠሮው ሳይፈታ ብዙ ቀን ስለከረመ በመቀስ ነው ያወጣሁት። «አመመሽ?» አልኳት። «ትንሽ» አለችኝ። ጉልበቷን አቅፌ ብዙ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ለፀጉሯ ያለቀስኩ መስሏት «ይበቅላል እኮ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚተረክ አይደለም፤ ዘገምተኛ ነው። ሐኪሙ ያዘዘልኝን መድኃኒትም ዘጠኝ ወር ወሰድኩ። ደብተሮቹን በቀን አምስት አምስት እያልኩ አረምኩ። የእረፍት ጊዜ ደወል ሲደወል መምህራን ክፍል ከመደበቅ ይልቅ አንድ ዙር ሜዳውን መዞር ጀመርኩ። ሦስት ከነበርኩበት ወደ አንድ የወረድኩባቸው ሳምንታት አሉ፤ አራት ሆኜ የከረምኩበት ወር አለ። ወንጂ ሄጄ አባቴን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ሙት ስለማይመልስ ይቅር ብሎኛል ብዬ እገምታለሁ። ሐጂ ከድርን ከዚያ ወዲህ ያገኘኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ባጃጅ ስጠብቅ። «ፊትሽን ታጠብሽ?» አሉኝ። «ታጠብኩ» ስላቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው አለፉ።

ድኛለሁ ማለት አልችልም። አሁንም የሚደክመኝ ቀን አለ፤ ይህን የምጽፈውም ከእንዲህ ዓይነት ቀኖች በአንዱ ነው። ስለዚያ ውሸት ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ለአማካሪዋ የዋሸሁት አይደለም። ባለቤቴ ለሳምንታት ቤቱ ውስጥ እንደ ጥፋተኛ መኖሩ ነው። እኔ ስለ ሕመሜ ዝም ስል ዝምታዬን እሱ እንደ ክስ ያነበው ነበር።

ስለዚህ አሁን አንድ ነገር እናደርጋለን። ክፉ ቀን ከሆነ፣ ደረጀ ከሞጆ ሲገባ ገና በሩ ላይ እያለ ከተኛሁበት እነግረዋለሁ። «ዛሬ ሁለት ነኝ። ያንተ ጥፋት አይደለም።»

«እሺ» ይለኛል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ኳሱን ያያል።